የድመት አዋቂዋ ቢ ሹሚ

«አፉን ያዢልኝ እንጂ! ጭራውን ይዘሽ ምን ልትሠሪ ነው?» አሉ ቢ ሹሚ፣ የሰሊጥ ዘይት የሞላውን ማንኪያ ሽቅብ እንደ ያዙ።

ምራታቸው ራያ የሱልጣንን መንጋጋ ልትፈለቅቅ ስትታገል ድመቱ አምልጦ ዘይቱን ቀሚሷ ላይ ደፋው። ከዚያ ግቢው ጥግ፣ አሸዋው ላይ ሄዶ ቁጢጥ አለና እንደ ጠዋቱ ማማጥ ጀመረ። ምንም አልወጣውም።

«የሆድ ድርቀት ነው» አሉ ቢ ሹሚ። «ያ የበላው የአሣ ቆዳ ነው የደረቀበት። ዘይቱ ሲገባለት ይለቀዋል።»

በላሙ ደሴት ድመቱ ታሞበት ቢ ሹሚን የማያውቅ ቤት የለም። ትል ላለበት የፓፓያ ፍሬ ፈጭተው ይሰጣሉ፤ ዓይኑ የሚያዥውን በጨው ውሃ ያጥባሉ፤ ተጣልቶ ለቆሰለ እርድ ይነሰንሳሉ። አገሬው እግረ ረጃጅም በሆኑት ድመቶቹ ይኮራል፤ ቢ ሹሚ ደግሞ ድመቶቹን ሁሉ ራሳቸው የወለዷቸው ይመስል ይኮራሉ። ባሕሩ ዳር የእንስሳት ክሊኒክ የተከፈተ ሰሞን ሰርግ ቤት ተቀምጠው፣ «እኔ በቁሜ እያለሁ የእኔ ድመት የሐኪም ደጅ አይረግጥም!» ብለው ፎክረዋል። ያን ቀን ሰርጉ ላይ ያልነበረች ሴት ሳትቀር ይህን ታውቃለች።

ራያ አሸዋውን በጣቷ ጫር ጫር አደረገችው።

«እማዬ፣ አሸዋው ደረቅ ነው። ሽንቱም የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ከትናንት ጀምሮ እዚህ ይቀመጣል፣ አንድ ጠብታ አላየሁም። ደግሞ ያን ቦታውን መላሱን አልተወም።»

ቢ ሹሚ ሊቆጧት ከጀሉና ተዉት። ተንበርክከው የድመቱን ሆድ ዳሰሱ። ድርቀት የያዘው ሆድ ስንቱን ዳስሰዋል፤ እዚህም እዚያም ይጎረብጣል። ይህ ግን አንድ ድብልብል፣ እንደ ሎሚ የተወጠረ ነገር ነበር። ጫን ሲሉት ሱልጣን ነከሳቸው። ነክሷቸው አያውቅም ነበር። ወዲያው የጠጣውን ውሃ መልሶ አስታወከ።

«እናቴ እንዲህ የሆነ ወንድ ድመት ነበራት» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሲያምጥ ውሎ በማግስቱ ሞተ።»

«ምን ሰጥታው ነበር?»

ቢ ሹሚ ማንኪያውን አዩት። «ዘይት።»

ፈሩ። ሱልጣን ባላቸው የሞተ ዓመት የገባ ድመት ነው፤ ቤቱ ጭር ሲል አጠገባቸው የሚተኛው እሱ ነው።

«እንግዲያ እንሂዳ» አለች ራያ።

«የት?»

«የት እንደሆነማ ያውቃሉ፣ እማዬ።»

ቢ ሹሚ ጥቁር ቡይቡያቸውን ከራስ እስከ እግር ለበሱና ድመቱን በጨርቅ ጠቅልለው ከሥሩ ሸጎጡት። ራያን አስከትለው በጓሮ መንገድ ሰው ሳያያቸው ደርሰው ሊመለሱ ነበር ሐሳባቸው። የላሙ መንገድ ግን ሁለት አህያ ፊት ለፊት ቢገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ አያሳልፍም፤ ገመና የሚሸሽግ ጠባይም የለው። ጥጉ ጋ አሸዋ የጫነ አህያ ከነነጂው ተገትሯል፤ ጎኑ ደግሞ ምዋና ኮምቦ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆማለች። በነገር ወጊነቷ ሰፈሩ ያውቃታል።

«ቢ ሹሚ፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«እህቴ ጋ።»

ሱልጣን ከቡይቡዩ ሥር አጓራ።

«ውይ! ምንሽ ነው የሚጮኸው?»

«ሆዴ ነው። ቁርስ አልበላሁም።»

«ሆድሽ አይጥ ነው እንዴ ያማረው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ቢ ሹሚ መልስ አላጡም፤ ግን ሱልጣን ድንገት ዝም አለ፣ ክንዳቸው ላይም ዝልፍልፍ አለ። ያን ጊዜ ስድቡም ሳቁም ጠፋቸው። ቡይቡዩን ገልጠው ድመቱን አወጡና፣

«አንተ! መልስልኝ ይህን አህያ!» ብለው ነጂው ላይ ጮኹ። አህያው ሳይቀር ደንግጦ ወደ ኋላ ሄደ። ሱልጣንን ሰው ሁሉ እያያቸው ታቅፈው የባሕሩን ዳር ይዘው ወደ ክሊኒኩ ገሠገሡ፤ ሴቶቹም ከኋላ ተከተሏቸው።

ሐኪሙ ሙቱኩ ሆዱን እንደ ነካ ወሬ አላበዛም። አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ አስገባ፤ ደም የቀላቀለ ሽንት ሳህኑን ሞላው።

«ሽንቱ ታግዶ ነው። ብዙ ሰው ድርቀት ይመስለዋል፣ አቀማመጡ አንድ ነው» አለ። «ቢያድር ኖሮ አናገኘውም ነበር። እርስዎ እንዴት ለዩት?»

«አሸዋውን ያየችው ምራቴ ናት። ሆዱን የዳሰስኩት እኔ ነኝ። ዘይት ላጠጣው የታገልኩትም እኔ ነኝ» አሉ፣ አንገታቸውን ሳይደፉ።

«እዚሁ ይቆይልኝ። እማማ፣ ሴቶቹ በር ላይ ተኮልኩለዋል፤ በጓሮ ላስወጣዎት?»

«በጓሮ የሚወጣ ሌባ ነው።»

በፊት ለፊቱ በር ወጡ።

«የሐኪም ደጅ አይረግጥም ያልሽው ድመትስ?» አለች ምዋና ኮምቦ።

«ረገጠ፤ ዳነም። ያንቺ ቢሆን ኖሮ ይሞት ነበር። ሽንቱን ማን ያይለታል?»

አሁን ሴቶቹ የሳቁት በምዋና ኮምቦ ነበር። በመሀል ወሬውን የሰማች አንዲት ሙሽራ ድመቷን አቅፋ ቀረበች።

«ቢ ሹሚ፣ ይቺን ይዩልኝ። መብላት ካቆመች ሰነበተች። ትል ይሆን?»

ቢ ሹሚ የድመቷን ከንፈር ገልጠው ድዷን አዩት፤ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። የዓይኗ ነጭም እንደዚያው፤ ትል እንዲህ ቢጫ አያደርግም። ትል ነው ቢሉ የሚጠራጠራቸው አልነበረም፤ የፓፓያውም ፍሬ ቤት ተፈጭቶ ተቀምጧል። ከሁሉም በላይ ዛሬ፣ በዚህ ሁሉ ሴት ፊት፣ አንዲት ድመት ፈውሰው ቢያሳዩ ደስ ባላቸው።

ተመልሰው የክሊኒኩን በር ከፈቱላት።

«ግቢ፤ ይቺ የሐኪም ናት» አሏት። «ማን ላከሽ ካለሽ፣ ቢ ሹሚ በይው።»