የአቶ ገብረ ወልድ ዝምታ

በቦርዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት አሥራ ሦስት ሰዎች አቶ ገብረ ወልድ በዕድሜ ትልቁ፣ በሹመት ግን አዲሱ ነበሩ። በፈረንጆች 2006 መስከረም የስቶክሆልም ሕዝብ የከተማውን ምክር ቤት መረጠ፤ ፓርቲዎቹ ደግሞ ባገኙት ድምፅ መጠን የየሰፈሩን ቦርድ ወንበር ተከፋፈሉ። ከአሸናፊው ወገን አንዱ ወንበር ለእሳቸው ደረሰ። ያገራቸው ሰው «ተመረጡልን» ብሎ ደስ አለው። እሳቸው «ተመደብኩ እንጂ አልተመረጥኩም» ቢሉ ማን ይስማቸው።

የዛሬው ጉዳይ ሁስቢ በሚባለው ሰፈራቸው ያለችው የአረጋውያን መዋያ ክፍል ነበረች። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር ቃል የሚለዋወጡት እዚያ ብቻ ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሌላ ሰፈር ይሂዱ ማለት ቤት ተዘግተው ይቅሩ ማለት ነው። ክፍሏ ትዘጋ የሚለው ሐሳብ የመጣው ደግሞ ከገብረ ወልድ ከራሳቸው ፓርቲ ነው።

ከስብሰባው በፊት ከተቃዋሚዎቹ አንዱ፣ ቶሚ የሚባል ጎልማሳ፣ ኮሪደር ላይ ያዛቸው።

«እኛ ስድስት ነን፣ እናንተ ሰባት። ብቻችንን ብንጮህ ዋጋ የለውም። አንተ አንድ ቃል ከተነፈስክ ግን ድምፅ እናስቆጥራለን፤ ክፍሏም ትተርፋለች።»

«ግድ የለህም» አሉት።

አስካለ ማርያም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከሕዝቡ ወንበር ተቀምጠዋል። ስዊድንኛው ባይገባቸውም ዓይናቸው ከገብረ ወልድ ላይ አልተነሣም።

የገብረ ወልድ አባት በመንዝ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። እዚያ ያደገ ሰው ወገኑን በአደባባይ ፊት ለፊት አይገጥምም። ነገሩ ካልጣመው እጁን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ያን ጊዜ የሸንጎው መሪ ሌላውን ሁሉ ገትቶ «እርስዎ ምነው ዝም አሉ? ቅር ያለዎት ነገር አለ» ይላል። እንዲህ ሳይባል የተቋጨ ጉዳይ ገብረ ወልድ በልጅነታቸው አይተው አያውቁም።

እጃቸውን አጣጠፉ፤ አንገታቸውን ደፉ። ሲጠየቁ የሚሉትን ሌሊቱን ሲያሰናዱ አድረዋል።

«ቦርዱ በሐሳቡ ይስማማል?» አለች ሊቀ መንበሯ ቢርጊታ።

ከወዲያ ወዲህ በስዊድንኛው አዎንታ «ያ፣ ያ» ተባለ። ቶሚ አንገቱን አስግጎ አያቸው። ገብረ ወልድ ይበልጥ አቀረቀሩ። የሊቀ መንበሯ መዶሻ ጠረጴዛውን ነካ አድርጋ ተመለሰች፤ ቢርጊታም ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ተሻገረች።

«እኔ እኮ አልተናገርኩም» አሉ ገብረ ወልድ ቀና ብለው።

«አዎ» አለች ቢርጊታ በደግነት። «የተቃወመ አልነበረም። አሁን ተወስኗል።»

ቶሚ እስክሪብቶውን አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ በረዶው ይመለከት ጀመር።

ሲወጡ አስካለ ማርያም በሩ ጥግ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዳልተስማሙ አይቻለሁ። ያን ያህል ጊዜ አቀርቅረው ዝም ሲሉ፣ አላወቅሁም እንዴ!»

ገብረ ወልድ የኮታቸውን ቁልፍ ፈልገው አጡት።

«እንግዲህ» አሉ አስካለ ማርያም፣ «መቼ ነው የሚጠይቁዎት?»