ሁለት የባትሪ ድንጋይ

የስምንተኛ ክፍል የግል ተፈታኞች ምዝገባ የሚዘጋው ያን ዕለት አስር ሰዓት ላይ ነበር። እህቴ ሰሊማ ግን ማሽላው መሃል፣ ማማ ላይ ቆማ በወንጭፍ ግሪሳ ታባርራለች።

“ውረጂ! ባጃጁ እየጠበቀን ነው” አልኳት ከታች።

“ወፉንስ ማን ይጠብቃል? አንተ? ማሌዥያ ወንጭፍ ያስተምራሉ እንዴ?”

አባታችን ሙዐዊያ ማማው ጥላ ሥር ገመድ ይገምዳሉ። ቀና ሳይሉ፣ “ሃያ ዓመቷ ነው። ከሕፃናት ጋር ልትፈተን?” አሉ።

ሃያ ዓመቷ! ማን ነው እዚህ ያደረሳት? ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሲያስዘጋው አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከክፍሏ አንደኛ። ክረምቱን አረም ስታርም፣ ማሽላው ሲያሸትም እዚሁ ማማ ላይ ሆና ትምህርቷን በራዲዮ ተከታተለች። እኔ ያን ዓመት ማሌዥያ፣ ኳላ ላምፑር፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ በላፕቶፕ ተምሬ በቀኑ ተመረቅሁ። እሷን ፈተናው አለፋት።

“የራዲዮው ድንጋይ አልቆ ቀኑን አልሰማሁም” አለችኝ በስልክ።

“አይዞሽ፣ ለከርሞ አለ” አልኳት። ለከርሞ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ “አድገሻል” መጣ።

“አባዬ፣ ያኔ ድንጋዩ ባያልቅ ኖሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነበረች” አልኳቸው።

ገመዱን አስቀመጡ። “አላለቀም።”

“ምን አሉ?”

“የፈተናውን ቀን እኔ ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ ግሪሳው እንደ ደመና ነበር የወረደው። እሷ ከሄደች ምን እንበላለን? ሁለቱንም ድንጋይ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ በቦታቸው ያለቁትን አስገባሁ።”

ከላይ የወንጭፉ ፉጨት ቆመ።

ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ቀኑን እኔም አውቀው ነበር። ስልኬ ላይ አንብቤዋለሁ። የራሴ ፈተና ስለነበረብኝ “ነገ እደውላለሁ” ብዬ አለፍኩት።

ሰሊማ መሰላሉን ሳትጨርስ ዘለለች። ወንጭፉን አባታችን ጭን ላይ ጣለችው።

“ከአምስት ዓመት በላይ ራዲዮውን ስረግም ኖርኩ” አለች። “ይኸው። ወፉን ይጠብቁ።”

“ሰሊማ፣ ጉልበቴ እኮ…”

ወደ ባጃጁ አመራች። ልከተላት ስል ዞራ አየችኝ።

“አንተ ደግሞ ወዴት? ስሜን ራሴ መጻፍ እችላለሁ።”

ባጃጁ አቧራውን አስነስቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ታጠፈ። ግሪሳው ማሽላው ላይ ወረደ። አባቴ ወንጭፉን ወደ እኔ ገፉት።

መልሼ ገፋሁላቸው።