ሠርቶ አዳሪ ነው ብለሽ ጻፊ

ሥራዬ የሰው ቤት ገብቶ ድህነቱን መመዘን ነው። ስሙ ረዘም ይላል፤ «የችግረኞች ጉዳይ አጣሪ» ይሉኛል። ማመልከቻ ያስገባ ሰው ቤት እሄዳለሁ፣ የሚተኛበትንና እጁ ላይ ያለውን አያለሁ፣ ከዚያ ቅጹ ላይ «ይረዳ» ወይም «ራሱን ይችላል» ብዬ እጽፋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ብዙ ሰው አይወደኝም፤ አልፈርድበትም።

እውነቱን ለመናገር እኔም እርዱኝ ባይ ሰው አልወድም ነበር። እናቴ የሰው ደረጃ እየወለወለች አራት ልጆች ስታሳድግ አንድ ቀን የሰው እጅ አላየችም። ጎረቤት ምግብ በሳህን ሸፍኖ ሲልክልን እንደተሸፈነ ትመልሰው ነበር፤ እኛ እየራበን። ያንን እንደ ትልቅ ነገር ይዤ አደግኩ። ቢሮ ውስጥ «ሠርቶ መብላት ማንን ገደለ?» የምትለዋ ሴትዮ እኔ ነኝ። አለቃችን ደግሞ ከእኔ ይብሳል። ማመልከቻ ሲቆርጥ እጁ ስለማይንቀጠቀጥ በሌለበት «መቀስ» እንለዋለን።

ልብስ ሰፊው ቤት የሄድኩት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ያመለከተችው ልጃቸው ናት፤ ልብስ መተኮሻ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት። የጠየቀችው የወር ተቆራጭ አልነበረም፤ የአባቷ ዓይን በነጻ እንዲታከም ብቻ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ተያይዟል። የዓይን ግፊት ነው፤ አንዱ ዓይን ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም በሁለት ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይከተላል፤ አንዴ የጠፋ ደግሞ አይመለስም ይላል። ስለ ሕመሙ ሐኪሙ ጨርሷል። የእኔ ድርሻ ሰውዬው ሠርተው ለሕክምናቸው መክፈል ይችሉ እንደሆነ ማየት ነበር።

ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አለ፤ ከጎኑ ጠረጴዛ፤ ግድግዳው ላይ ጠያቂ ያጡ ሦስት ኮቶች ተሰቅለዋል። ሽማግሌው ክራቫት አስረው ጠበቁኝ። ልጅቷ ስለ ማመልከቻው የነገረቻቸው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ቀድማ ብትነግራቸው በር ይዘጉብኝ ነበር። ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ሳቡልኝና ስለ ሥራቸው ያወሩኝ ጀመር። አርባ ዓመት ሰፍተዋል። የዳኛ ካባ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የሟች ልብስ፣ ያልሰፉት የለም። ከደንበኞቻቸው ሁሉ «ጠበበኝ፣ ሰፋኝ» ብሎ የማያውቅ ሟቹ ብቻ ነው ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ በር ላይ ቆማ ስለ ዓይናቸው እንዲነግሩኝ አባቷን ትለምናለች፤ እሳቸው እንዳልሰማ ያልፏታል።

ኮቴን ተቀብለው ሊሰቅሉልኝ ሲሉ ጣታቸው የላላ ቁልፍ አገኘ። እሳቸው ቤት ገብቼ በላላ ቁልፍ እንደማልወጣ ነገሩኝ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ የጨርቅ ትራስ አለች፤ ክር የገባባቸው መርፌዎች በረድፍ ተሰክተውባታል። ክሩን የምታስገባላቸው ልጅቷ እንደሆነች በኋላ ነው የሰማሁት፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ተራ፦ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። እሳቸው በጣታቸው ቆጥረው ያነሳሉ። ያን ቀን እንግዳ ፊት ስለሆኑ ይሁን ወይም ስለተናደዱ እንጃ፣ መቁጠር የጀመሩት ከወዲያኛው ጫፍ ነው።

እጃቸው ግን እጅ ነበር። መርፌው ሲገባና ሲወጣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው ኮቱን ዘረጉልኝ። ቡናማ ኮት ላይ የሣር ቀለም ያለው አረንጓዴ ክር።

«ተመሳሰለልሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። የሚጠበቅብኝ አንዲት ቃል ነበረች። ይሉኝታ ያዘኝ። በሰባ ዓመታቸው፣ በልጃቸው ፊት፣ በገዛ ሙያቸው እንዴት አዋርዳቸዋለሁ አልኩ።

«አይለይም፣ አባባ። እጅዎ ይባረክ።»

ፊታቸው በራ። ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ሠርቶ አዳሪ ነው ብለሽ ጻፊ። ከእኔ የባሰበት ሞልቷል፤ ለሱ ስጡት።»

ጻፍኩ። ክራቫት አስረው መጠበቃቸውንና «ለባሰበት ይሰጥ» ማለታቸውንም ጨመርኩበት። እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። ልጅቷ ወደ ደጅ ወጣች።

ቢሮ ስደርስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር፤ የምሬን ነው። ቅጹን ቀዶ ሌላ መሙላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ስገባ ስብሰባ ላይ ደረስኩ። መቀስ የሁላችንንም ቅጽ ተቀብሎ ሲያገላብጥ የእኔ ላይ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ክራቫት አስሮ ለባሰበት ስጡ ይላል፤ ወጣቱ ግን በራችን ላይ ይሰለፋል አለ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። በሰውዬው ዓይን መጥፋት አጨበጨብን፤ እኔም አብሬ። ከዚያ በኋላ ተነስቶ «ሰውዬው አያዩም፣ እኔም እያወቅኩ ነው የጻፍኩት» ለማለት ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ነገ አልኩ። ነገ ደግሞ የራሱ ሥራ ነበረው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ የእምቢታውን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ይግባኝ ማለት እንደምትችል፣ መልሱ ሦስት ወር እንደሚፈጅ ነገርኳት። ሐኪሙ ያለው ሁለት ወር ነው አለችኝ። እኔም አባትሽ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉኝ ብዬ ተከላከልኩ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እሱ ኩራት ይዞት ነው። ከኩራቱ ሌላ ምን ቀረው? እርስዎ ግን አይተዋል።»

ይግባኙን ሞልታ ሄደች። ያኔም ጊዜ ነበር። ያኔም መቀስ ክፍል ገብቼ ቅጹ ስህተት ነው ማለት እችል ነበር። ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይግባኙ መልስ ሳያገኝ ዓይናቸው ሄደ። ከዚያ ሁሉ ነገር ቀለለ። ሁለት ዓይኑን ላጣ ሰው ደንቡ ግልጽ ነው፤ የወር ተቆራጭ ይገባዋል፤ ማጣራት እንኳ አያስፈልገውም። መቀስ ሳያነብ ፈረመበት። ዓይናቸው ሳለ ለዓይናቸው የነፈግናቸውን፣ ዓይናቸው ሲጠፋ ዕድሜ ልካቸውን ልንሰጣቸው ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ወረቀቱን ሊወስዱ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። አሻራ ያስፈልጋል ስል ድምፄን ለዩት። መጻፍ እንደሚችሉ፣ አሻራ እንደማያደርጉ ነገሩኝ። እጃቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩላቸው። ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ፤ ፊደሉ ያምራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከወረቀቱ ወጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ቀሩ። እስክሪብቶውን ሲመልሱልኝ ጠጋ አሉ።

«ያን ቀን እንደማላይ አላወቅሽም ነበር፣ አይደል?»

ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ቀጥ ብላ ታየኛለች። አውቄ ነበር ብል እሳቸውን አዋርዳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የፈራሁት ግን ለራሴ ነው።

«አላወቅኩም፣ አባባ» አልኩ።

ቀለል አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም ለዚህች ልጅ የምላት ይህንኑ ነው። እኔ ነኝ ያታለልኳት እላታለሁ። ብታውቅማ ኖሮ ዝም ብላ አትተወኝም ነበር፤ እሷም እኮ የሰው ልጅ ነች እላታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ክንዳቸውን ያዘች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ድምፄ ወደ ነበረበት ዞረው መረቁኝ፤ እንዳልቸገር፣ የሰው እጅ እንዳላይ። እኔም አሜን አልኩ።