ቤት ሲመጣ የሚታመም ኮምፒውተር

ኮምፒውተራችን ማርጀቱን የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም። እኔም አርጅቻለሁ፤ ሥራ ግን አላቆምኩም። ልጄ ቤት በመጣች ቁጥር ገና ጫማዋን ሳታወልቅ እሱን ነው የምትሰድበው። “ይሄ ነገር እስካሁን አለ?” ትላለች፣ አልሄድ ስላለ እንግዳ የምታወራ ይመስል። እኔ ጨርቄን እቆርጣለሁ።

ሥራችን ጥልፍ ነው። የትራስ ልብስ፣ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ ኮሌታና እጀታ ላይ የሚወርድ አበባ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። የሚጠልፈው ማሽኑ ነው። ለማሽኑ አበባውን በኮምፒውተር የሚስልለት ደግሞ ባለቤቴ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሾፌሩ ነው የሚለው፤ እኔም ስቆጣ እንደዚያው እለዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን እንደ ኩራተኛ ዘመድ ሆኖ ቀረ፤ መኖሩ አለ፣ መርዳት ግን የለም።

ከዚያ በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ከረመ። የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለየዋል። ይሄኛው ፍሬኑን ካላሳየ ጉድ ይፈላበታል ይለኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? በዚያው ሰሞን አንዲት ሥራዋን የተወች ሴት የጥልፍ ማሽኗን ከነኮምፒውተሩ ሸጠችልን። አበባ የሚሳልበት ፕሮግራምም አብሮት መጣ። እኔ ከፊደል ጋር እምብዛም አንተዋወቅም፤ ትምህርት ቤት ደጁን ረግጬ ነው የተመለስኩት። እሱ ግን በግራ እጁ ማውሱን ይዞ ትግል ጀመረ። መጀመሪያ የሳለው ጽጌረዳ የተረገጠ ጎመን ነበር የሚመስለው። ሳቅኩበት። ቀጥሎ ያልተረገጠ ጎመን ሳለ። ውሎ አድሮ ግን ደንበኛው ሁሉ “የሾፌሩ አበባ ያለበትን ስጪኝ” ማለት አመጣ። የመስኮቱ ሥር ወንበርም ባዶ ሆነ፤ ጨርቅ መከመሪያ አደረግኩት።

እንግዲህ ይሄ ኮምፒውተር ነው የታመመው።

መጀመሪያ ስታክ ማድረግ ነበር። ማውሱ ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አበባ ግማሹ ተስሎ ግማሹ ይቀራል። ቆይቶ ጭራሽ ድርግም ማለት ጀመረ። ስናስነሳው ይነሳል፤ ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ድርግም። የተሳለውም አብሮ ድራሹ ይጠፋል። ልጄ በስልክ ሴቭ እያደረገ ይሥራ ትለኛለች፤ እሱ እኮ ሴቭ ሲያደርግም ነው የሚጠፋው። ማሽኑም ከኮምፒውተሩ በገመድ የተያያዘ ስለሆነ፣ ያ ሲጠፋ ይሄ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደሰካ ይቆማል። የስንት ሰው ትራስ ተበላሸብን።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጠዋቱን ሙሉ የደከመበት የወይን ሐረግ ሲጠፋበት፣ ሾፌሩ አልተሳደበም። ማውሱን በቀስታ አስቀመጠ። ተነሣና ጨርቆቼን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ አልጋው ላይ ከመራቸው፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ።

“ምን መሆንህ ነው?” አልኩት።

“ጡረታ ወጣሁ” አለ።

ቀልዱን ከሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት። አልነበረም።

በነጋው ልጄን ጠራኋት። መጣች፣ አየችው፣ በቃ አዲስ እንግዛ አለች። ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ ብዬ ልስማማ ስል፣ ያ አሮጌ ፕሮግራም አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፣ ሌላ መማር አለበት ብላ ጨመረችበት። አባትየው ከመስኮቱ ሳይዞር ሌላ መንገድ እንደማይማር፣ ይሄንንም የተማረው በመከራ እንደሆነ ነገራት። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አዲስ ከመጣ አይነካውም፤ አሮጌው ካልዳነ ደግሞ እሱም ከዚያ ወንበር አይነሣም። ስለዚህ አሮጌው ይድናል አልኩ። ልጄ ሙግት ጀመረች፤ እኔ አንዴ ካልኩ ማን ይመልሰኛል።

ከገበያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ። ትንሹ ይሉታል፤ በር የሚሞላ ሰው ነው። ሲፒዩውን ልወስድለት ስነሣ ልብሱን አወለቅኩለት። እኛ ቤት የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ የስፌት መኪናዬም ልብስ አላቸው። ለሲፒዩውም አቧራ እንዳይገባው ከተረፈ ብርድ ልብስ በልኩ ሰፍቼለታለሁ፤ ከኋላ የሚቆለፍ፣ ለገመዶቹ ቀዳዳ ያለው። ከታመመ ወዲህ ደግሞ ውስጡን በስፖንጅ ደረብኩለት። ታዲያ ሰው ፊት በቆሸሸ ልብስ አይወጣ ብዬ፣ እሱን ወደ ሐኪሙ ልብሱን ወደ ሳሙናው።

ትንሹ ከፈተው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ቀኑን ሙሉ አስነሥቶ አዋለው። ምንም። ጤነኛ ነው ብሎ ሰጠኝ። ቤት አምጥቼ፣ ንጹሕ ልብሱን አልብሼ፣ ሾፌሩን ለምኜ አስቀመጥኩት። አንድ ቅጠል ሳይጨርስ ድርግም። ሾፌሩ አየኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

መልሼ ወሰድኩት። አሁንም ትንሹ ጋ ሲውል እንደ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ ይሞታል። ልጄ የአንዳንድ ሰው ባል እንደዚህ ነው፣ ውጭ ሲውል ሰላም ነው ብላ አላገጠች። እኔ የመብራቱ ነገር ነው አልኩ። ሶኬቱን አስቀየርኩ፣ ካውያዬን ወደ ጓዳ አሰደድኩ። አልሆነም። ለሦስተኛ ጊዜ ተሸክሜው ስደርስ ትንሹ ከወንበሩ አልተነሣም።

“እትዬ፣ ቤት ምን እያደረጋችሁት ነው?”

“እየደበደብነው” አልኩት።

ሳቀና በሽተኛው ከሚመጣ ሐኪሙ ይሄዳል አለ። በማግስቱ በጎኑ ዞሮ በበራችን ገባ። ሾፌሩ ሰላምታውን ተቀብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ትንሹ ገመዱን ሰካካ፣ አስነሣው፤ ሠራ። አበባ ከፈተ፤ ተከፈተ። እንግዳ ባለበት ቤት ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ ደስ ስለማይለኝ፣ ልብሱን አምጥቼ ከላይ አጠለቅኩለትና ከኋላው መቆለፍ ጀመርኩ።

“ምን እያደረጉ ነው?” አለኝ ትንሹ።

“እያለበስኩት ነዋ።”

ትንሹ ጠጋ አለ። ከዚያ እጁን ከልብሱ ሥር ሰዶ ኮምፒውተሩ ላይ አኖረው፤ ጥቂት ቆይቶ እንዳቃጠለው ሰው መንጭቆ አወጣው። አየር የሚያወጣበት ፋን ከኋላው እንደሆነ፣ የቆለፍኩትም በእሱ ላይ እንደሆነ፣ ሲግል ራሱን ለማዳን እንደሚጠፋ ቀስ እያለ ያስረዳኝ ጀመር። ሳይጨርስ ከመስኮቱ በኩል አንድ ድምፅ ሰማን። ሾፌሩ ነው፤ እየሳቀ ነው።

“አንቺ ሴትዮ” አለ፣ “ራዲያተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ነው ዳገት ስታስወጪው የከረምሽው? ሲብስበት ደግሞ ስፖንጅ ጨመርሽለት?”

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ትንሹም ተከተለው፤ ቤቱ ጠበበን። እኔ እንኳን መሳቅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እሱ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ተውኳቸው፤ ይሳቁብኝ።

ትንሹ ሲወጣ፣ አሁን እንደሚሠራ፣ ግን አንዱ ዕቃ ቢበላሽበት መለዋወጫው ገበያ ላይ እንደማይገኝ ነገረኝ። የሰማሁት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ውሎ ማደር ጀመረ፤ አንድም ቀን አልጠፋም። ሾፌሩ የወይን ሐረጉን እንደገና ሳለው፤ ከጠፋው የተሻለ ወጣለት። ልጄ ጋ ደወልኩና እንዳሸነፍኩ ነገርኳት። እሷም እሺ እማ፣ አንቺ ሁልጊዜም ታሸንፊያለሽ አለች። ነገሩ እዚያ አበቃ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ክር ሳስገባ ሾፌሩ ማውሱን እንደያዘ፣ ልጅቷ አሁንም አዲሱን ልትገዛ ፈቃደኛ ትሆን እንደሆነ ጠየቀኝ። መርፌው ሊወጋኝ ምንም አልቀረውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የመጋረጃውን ነገር አነሣ። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴት ከወለል እስከ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ የተጠለፈበት መጋረጃ ፈልጋ ነበር፤ አንችልም ብለን መልሰናታል። ለካ ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ ዛፉን በሆዱ ይዞት ኖሯል። አሮጌው ላይ ሞክሮትም ነበር፤ ሥዕሉ ሲተልቅበት ያቃስታል።

“አሁን እኮ ዳነ” አልኩት።

“ዳነ እንጂ ወጣት አልሆነም።”

“ሌላ መንገድ አልማርም ያልከውስ?”

“ያን ቀን ተናድጄ ነበር። የተናደደ ሾፌር መንገድ አይጠየቅም።” ማውሱን ለቆ ወደኔ ዞረ። “ስሚ፣ መኪና ሲበላሽብኝ ጥዬው ሌላ ላይ ወጥቼ አላውቅም። መጀመሪያ አስነሣዋለሁ፣ አሠራዋለሁ፣ ከዚያ እለውጣለሁ። ያን ቀን ብንለውጠው ኖሮ ተሸንፌ ነበር የምቀመጥበት። አሁን ግን ፈልጌ ነው።”

ሙሉ ቀን አኮረፍኩ፤ ያን ሁሉ ተሸክሜ የተመላለስኩት ለዚህ ነው ወይ አልኩ ለራሴ። ግን ለማን ብዬ ነበር የተመላለስኩት? ለቆርቆሮው ነው? አዲሱን እስኪለምድ አሮጌው ከቤት አይወጣም ብዬ ተስማማሁ። ሁለት መኪና ያለው ሰው ባለሀብት ነው አለኝ። አብዛኛውን የሠራነው ከሠራንበት ሞላነው፤ የቀረውን ልጃችን ሞላችልን።

አዲሱን ልጄና ትንሹ አብረው ተከሉት። ቀጭን ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ያለ አይመስልም። ሾፌሩ ፊቱ ተቀመጠ። አዲሱ ፕሮግራም ሲከፈት ሁሉ ነገር ቦታው ተለዋውጧል። አንዱን ሲነካ ሌላ ይከፈታል፣ ያን ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ቆየና ማውሱን አስቀመጠው።

ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ።

ልጄም ሳታስበው ልትረዳው እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች። እሱ ግን መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀደማት።

“ተይኝ እስቲ ልጄ” አላት። “መጀመሪያ ልጥፋበት። ጠፍቶ የማያውቅ ሾፌር መንገድ አያውቅም።”

እሷም ወደ ኋላ አለች። ትንሹ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ትቶ ቆሞ ያያል። ሾፌሩ ጠፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ጠፋ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ስክሪኑ ባዶ ሲሆንበት “ገደል ገባን” ብሎ ብቻውን ሳቀ። በመጨረሻ አንድ ቡናማ መስመር ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ትንሽ ተንጋደደ፣ ቆመ።

“ምንድን ነው ይሄ፣ የመብራት ምሰሶ ነው?” አልኩት።

“ቅጠሉ ገና ነው። አንቺ ደግሞ አትቸኩይ።”

ወደ ጓዳ ገባሁና ለባለ እንግዳ ማረፊያዋ ሴት ደወልኩ። መጋረጃውን ለሌላ ሰው ሰጥታው እንደሆነ ጠየቅኳት። እስካሁን የሚሠራው አላገኘሁም አለችኝ። እንግዲያው አይስጡት፣ ጊዜ ግን ይሰጡናል፣ ግንዱ አሁን ነው የበቀለው አልኳት።