ያልጮኸው ቡችላ

ሰጠኝ ምክር የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ግን ሰጠኝ ነው፤ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ዳር ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ ሲያርስ አንድም ቀን «ተሳስቻለሁ» ሲል የሰማው የለም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይሉ የለ? እሱን መከራም ሁለት ጊዜ ነው የመከረው።

የመጀመሪያው መከራ ልጁ ነው። ወንድማገኝ፣ አንድ ለእናቱ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ ካላዛር በሚሉት የቆላ በሽታ ሞተ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሞልቶት ነበር። «ምነው እስካሁን?» ብለው ጠየቁ፤ አባትም እናትም መልስ አልሰጡ። ልጁ ትቶት የሄደው ነገር ቢኖር አንድ ውሻ ነው፤ ስሙ ቸኮል። ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጁ እያጎረሰ ያሳደገው፣ ጅግራና ጥንቸል ሲያሳድድ አብሮት የሮጠው ወንድማገኝ ነው። እናቲቱ እታፈራሁ ለዚህ ውሻ የምታቀርበው ፍትፍት ለባሏ ከምታቀርበው ይሻል ነበር፤ ሰጠኝም ያውቃል፣ አይናገርም። ቸኮል በሩ ላይ ጆሮውን አቁሞ ሲቀመጥ፣ ልጇ ከእርሻ ሊገባ የቀረበ ይመስላታል።

ችግሩ፣ ቸኮል የሚሮጥ ነገር ካየ አያስችለውም። ወንድማገኝ በነበረ ጊዜ በፉጨት ይመልሰው ነበር፤ ከሞተ በኋላ ማን ያፏጭለት? ጥንቸሉ ሲጠፋ ወደ ፍየል ዞረ። ሁለት ጊዜ የዘሊካን ግልገል ገደለ። ዘሊካ ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በፍየል ወተት የምታሳድግ ሴት። «ይታሰር» ተባለና ታሰረ፤ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ገመዱን ሲያኝክ ሰነበተ፣ እታፈራሁ አላስችል ብሏት ፈታችው። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ኩርኩራው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ፈረዱ። «ሰጠኝ፣ ሦስተኛ ፍየል ከነካ ውሻው ይሞታል። የምትገድለውም አንተው ነህ» አሉት። የሰው ውሻ በሌላ ሰው እጅ ከሞተ ቂም ይተርፋል፤ ደንቡ ነው።

እታፈራሁ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ቸኮልን ከገደላችሁ ልጄን ሁለተኛ ቀበራችሁት» አለች።

ዘዴ ያመጣችው ደግሞ ራሷ ዘሊካ ናት። እናንተዬ፣ ግልገሎቿ የተገደሉባት እሷ!

«ጋሼ ሰጠኝ» አለችው፤ «ቸኮል ብቻውን ሆኖ ነው። ጓደኛው ነው የሞተበት። ሸሕዲ ከተማ እህቴ ዘንድ ሁለት ቡችሎች ቀርተዋል፤ አንዷ ቡላ፣ አንዱ ጥቁር። ቡላዋን ያምጡለት። ከግልገል ጋር ነው የምትተኛው፣ ፍየል ሲሮጥ ቀና ብላም አታይ። ወላሂ፣ እሷ ከተኛች እሱም መተኛት ይለምዳል። ጥቁሩን ግን እንዳይነኩት፤ ያ ከቸኮል የባሰ ነው።»

እታፈራሁ የባሏን እጅ ያዘች። «ሰምተሃል? ቡላዋን።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

በማግስቱ በሚኒባስ ሸሕዲ ሄደ። እውነትም ቡላዋን ከሁለት ግልገሎች መሐል ተጋድማ አገኛት። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችው፣ ጅራቷን አንዴ ወዘወዘችና መልሳ ተኛች። በል ውሰዳትና ሂድ፣ አይደል? ኧረ የት አባቱ! ሰጠኝ የጭልጋ ደጋ ሰው ነው፤ አባቱ ወደ ቆላ ሲወርዱ ይዘውት የመጡት የቡችላ አመራረጥ አለ። ማጅራቱን ይዘህ ከመሬት ታነሣዋለህ። ከጮኸ ትተወዋለህ፣ ዝም ካለ ትወስደዋለህ። ጅብና ከርከሮ ባለበት አገር አልቃሻ ውሻ ማን ይቀልባል? ሰጠኝ እንዲህ ሳያደርግ ውሻ መርጦ አያውቅም፤ እጁ ራሱ ሄደ።

ቡላዋን አነሣት። ቤቱን በጩኸት ቀውጢ አደረገችው፣ ግልገሎቹ ደንብረው ተነሡ። ሲያስቀምጣት እግሩ ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች። ቀጥሎ ጥቁሩን አነሣው። ትንፍሽ አላለም። እንደ ተንጠለጠለ ሰጠኝን ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ያኔ ሰጠኝ ልጁ ትዝ አለው። በሞተበት ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ላይ፣ ወንድማገኝ ማጭዱን እንደያዘ ሲንቀጠቀጥ አይቶት ነበር። ከንፈሩ ደርቆ፣ ሸሚዙ ከላዩ ሰፍቶ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ያጭዳል። ሰጠኝም ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉጎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ትከሻውን መታ አድርጎ «እንዲህ ነው ወንድ!» አለው። ልጁ ፈገግ አለ። ይህን ሰጠኝ ለነፍስ አባቱ እንኳ አልተናገረም።

ጥቁሩን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ተመለሰ።

«ቡላዋስ?» አለች እታፈራሁ።

«ሰው ወስዷታል» ብሎ ዋሻት።

መጀመሪያ ሰሞን መቼም ጥሩ ነበር። ሁለቱ አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ። ጥቁሩ የቸኮልን ጆሮ እየጎተተ ሲያስቸግር፣ ቸኮል ወንድማገኝ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ታየ። እታፈራሁ ሳቀች። ሰጠኝ የሚስቱን ጥርስ ካየ ስንት ጊዜው! «አየሽ፣ የጎደለው ጓደኛ ነበር» አላት፤ የዋሸውንም ረሳው።

ብቻውን ያለ ውሻ ያባርራል፣ ይደክመዋል፣ ይመለሳል። ሁለት ሯጮች ሲሆኑ ግን አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካል፣ አንዱ ሲረሳው ሌላው ያስታውሰዋል። ዘሊካ «ጥቁሩን እንዳይነኩት» ያለችው ለዚህ ነበር። ጥቁሩ አድጎ ቸኮልን ባከለ ጊዜ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ሳለ፣ ጥቁሩ ጆሮውን ቀስሮ ተነሣ፤ ቸኮልም ተከተለው። የዘሊካ ፍየሎች ወንዙ ዳር ይግጡ ነበር። ጥቁሩ ከፊት ዞሮ በተናቸው፣ ቸኮል ከኋላ እየጠበቀ ጣላቸው። ሰው ሮጦ እስኪደርስ ከሚታለቡት አንዲትም አልተረፈችም። ጥቁሩ ዱር ገብቶ በዚያው ቀረ። ቸኮል ግን አፉ ደም እንደሆነ፣ ደስ ብሎት ጅራቱን እየቆላ ቤቱ መጣና ከእታፈራሁ እግር ሥር ተኛ።

ዘሊካ ቀሚሷ በደም ተበላሽቶ መጣች። ትሳደባለች ብለው ሲጠብቁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ ሰጠኝ፣ ቡላዋ እኮ እስከ ዛሬ እህቴ ቤት ናት» አለችው። «ጥቁሩን መልሰው እሷን ይወስዳሉ ብለን፣ የሚጠይቃትን ሁሉ እየመለሰች ለእርስዎ አስቀምጣት ነበር። ምን አድርጌዎት ነው?»

እታፈራሁ ዞራ ባሏን አየችው። ሰጠኝ ካፈርኩ አይመልሰኝ ባይ ነው፤ ያን ቀን ግን ራሱ ብድግ አለ።

ሽማግሌ መጥራት አላስፈለገም። ክላሹን አንሥቶ ቸኮልን በገመድ ይዞ ወጣ። እታፈራሁ እስከ አጥሩ ተከተለችው፤ «ተው» ልትል አፏን ከፈተችና ዘሊካ እዚያው ቆማ ስላለች ተወችው። ውሻው አደን የወጡ መስሎት ከፊት ከፊት እየዘለለ ይጎትታል። ታጭዶ ያለቀው ማሳ ዳር ሲደርሱ ጅግራ ብርር ብሎ ተነሣ። ቸኮል ገመዱን ወጥሮ ወደ ሰጠኝ ዞረ፤ ልቀቀኝ እንጂ ይለዋል። ሰጠኝ ለቀቀው። ሲሮጥ ከኋላው ተኮሰ። አንዴ ነው የተኮሰው፣ ውሻው አልተንፈራገጠም።

ሲመለስ እታፈራሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጁ ላይ ተቀምጣለች። ክላሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ዋሽቼሻለሁ» አላት። «ቡላዋን ትቻት ነው የመጣሁት። ስለጮኸች።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሌላም አለ። ያኔ አጨዳው ላይ ወንድማገኝ ሲንቀጠቀጥ አይቼው ነበር። እንደታመመ ገብቶኝ ነበር፣ እታፈራሁ። በሰው ፊት ‹እንዲህ ነው ወንድ› አልኩትና ዝም አልኩ። ያን ቀን ይዤው ብሄድ ኖሮ…»

እታፈራሁ፣ «ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«በዚያው ሳምንት ‹እማዬ አመመኝ› አለኝ። ተነሥ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ። ‹አጨዳው ይለቅ። አባዬ ሳሉጎቹ ፊት ወንድ ብሎኛል፣ እባክሽ እንዳታሳፍሪኝ፣ አባዬ እንዳይሰማ› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።»

ሰጠኝ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። በስድሳ ዓመቱ፣ ልጁ ሲቀበር እንኳ ያላሰማውን ጩኸት ጮኸ፤ አላቆም አለው። ጎረቤት ከየማሳው ማጭዱን እየጣለ ሮጦ መጣ። «ማነው የሞተው? ማነው?» አሉ።

የመለሰችላቸው እታፈራሁ ናት። «ወንድማገኝ» አለቻቸው።