አንድ እፍኝ አሮጌ ጉዝጓዝ

ታናሽየዋ አሸዋ እየነፋች ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋውን በጉልበቶቿ መሃል አድርጋ፣ ወንፊቱን ቀስ ብላ ግራና ቀኝ ትነቀንቀዋለች። ንጹሁ አሸዋ እየሾለከ ይወርዳል፤ የደረቀው በጠጥና የሱፍ ቅርፊቱ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በኃይል ብትነቀንቀው ቶሎ ባለቀላት፤ ግን ከወለደች ገና ወር ስላልሞላት ወገቧ እንደ ልብ አይታዘዛትም።

አሸዋው የሃምስተሮቹ መታጠቢያ ነው። እነዚህ ጉንጫም ትናንሽ የቤት እንስሳት ውሃ ከነካቸው ብርድ ይገድላቸዋል፤ አሸዋ ላይ ሲንከባለሉ ግን ፀጉራቸው እንደ ሐር ይሆናል። ከሥራቸው የሚነጠፈው ጉዝጓዝም የራሱ ጣጣ አለው። ከአናጺው ቤት የሚመጣው ሰጋቱራ ጠረን ካለው እንጨት የወጣ እንደሆነ ሳንባቸውን ስለሚጎዳ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። ሃምስተሮቹም የእህቷ ናቸው፤ በመስታወት ሳጥን ሆነው መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ግን ታናሽየዋ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታቸውን ለምዳዋለች።

እህቷ ፋርማሲስት ናት። ሰፈሩ በሌለችበት «ሚዛን» ይላታል። መድኃኒትም ይሁን ቃል፣ አትርፋም አጉድላም ሰጥታ አታውቅም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽየዋን ያሳደገቻት እሷ ናት። በደንብ አሳድጋታለች፤ ይህንንም ሁለቱም አይረሱትም።

ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጣ፣ ሳቀ፣ አሳቀ፣ ሄደ። የታናሽየዋ ሆድ ሲገፋ ሚዛን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አስቀምጣ አስረዳቻት። እሷና ባሏ ለዓመታት ልጅ ለምነው አላገኙም፤ ታናሽየዋ ደግሞ አግኝታ የምታሳድግበት የላትም። እንግዲህ ልጁ የእነሱ ይባላል፣ ገመናውም እዚሁ ቤት ውስጥ ይቀራል። ክሊኒክ የገባችው በእህቷ መታወቂያ ነው። ፊታቸው አንድ ነው፤ ነርሷም ቀና ብላ አላየቻትም። ታናሽየዋ «እሺ» ብላ ነበር። ያኔ ልጁ ሆድ ብቻ ነበር፤ ፊት አልነበረውም።

አሁን ፊት አለው። ትናንት ጠዋት ከእቅፏ ተወስዶ፣ ከግድግዳው ወዲያ ወደ እነሚዛን መኝታ ቤት ተሻግሯል።

«የነጯን አሮጌ ጉዝጓዝ ሁሉንም አልደፋሽውም አይደል?» አለች ሚዛን በሩ ላይ ቆማ። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ለሥራ ተዘጋጅታለች።

«አንድ እፍኝ አስቀርቻለሁ እትዬ።»

«ከጎጆዋ አጠገብ ያለውን?»

«አዎ፣ እሱን።»

«ጎበዝ። ሁሉንም አዲስ ካደረግሽባት ቤቴ አይደለም ብላ ትበረግጋለች። አሮጌውን ስታሸት ትረጋጋለች። በሚቀጥለው ትንሽ ትቀንሺላታለሽ፣ በሚቀጥለውም ትንሽ። በኋላ አሮጌው የቱ እንደነበር ራሷም አታውቀውም።» ገባ ብላ «ዱቄት» የምትላትን ነጯን ሃምስተር በመስታወቱ አየቻትና ያንኑ ድምፅ ሳትቀይር ቀጠለች። «ልጄ እንቅልፍ እምቢ ብሏል። ጡጦውን በምላሱ እየገፋ ያለቅሳል። ያን ሰማያዊ ሸሚዝሽን ስጪኝ።»

«የትኛውን?»

«ጡት ስትሰጪው የምትለብሺውን።»

«ቆሽሿል እኮ። ላጥበውና...»

«እንዳታጥቢው። ከነቆሻሻው ነው የምፈልገው። ከራስጌው አደርግለታለሁ።»

ታናሽየዋ ወንፊቱን አቆመች። ነገሩ ገባት። «ለስንት ጊዜ?»

«እስኪለምድ ነዋ። መጀመሪያ ሙሉውን እሰጠዋለሁ። ከዚያ እጅጌውን ብቻ። ከዚያ ይቺን የምታህል ቁራጭ።» በጣቷ መዳፏ ላይ ትንሽ ክብ ሠራች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የእኔን ያውቃላ።»

የሚዛን ባል በኮሪደሩ ሲያልፍ አንገቱን አስገባ። ሰው ሲጨነቅ መቀለድ ልማዱ ነው። «እንዴ፣ የእኛም ጌታ ጉዝጓዝ ሊቀየርለት ነው?»

«አንተ ቁርስህን ብላ፣ ይረፍድብሃል» አለች ሚስቱ።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ብሎ አጉተመተመና ሄደ። ከሁለቱ እህትማማቾች የትኛዋን እንዳማ ግን አልታወቀም።

ብቻዋን ስትቀር ታናሽየዋ ሸሚዙን ከአልጋዋ ራስጌ አነሳችው። ደረቱ ላይ ወተቱ ደርቆ ካርታ ሠርቷል። ብትሰጥ ልጁ ይተኛል፤ ተኝቶ፣ ለምዶ፣ በቁራጭ በቁራጭ ይረሳታል። ባትሰጥ ያለቅሳል። ያልቅስ፣ አለች በሆዷ። አልቅሶ ይፈልገኝ። እናት እንዳለችው የሚያሳውቀው ልቅሶው ብቻ ከሆነ፣ እኔስ በሌላ በምን ልታወቅ?

ሸሚዙን ሌላ ሳፋ ውስጥ ነክራ በሳሙና አሸችው፤ በረኪናም ጨመረችበት። በካውያ አድርቃ፣ የለበሱት እንዲመስል በእጇ ጨማደደችው። ሚዛን ከመውጣቷ በፊት አጣጥፋ ሰጠቻት። ሚዛን ለልጁ ለተቀጠረችው ሞግዚት የምትነግረውን ነግራ ልትወጣ ስትጣደፍ ሳታየው ተቀበለቻት።

ልጁ ረፋዱን ሁሉ አለቀሰ። ታናሽየዋ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ሰማችው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ሞግዚቷ እሹሩሩ ብትል፣ ይዛው ብትመላለስ፣ ጡጦ ብታሞቅለት ዝም አላለም። የእኔ ነው፣ ትላለች ታናሽየዋ፤ ይኸው፣ እየመሰከረ ነው።

ከምሳ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። ሻከረ፣ ሳሳ፣ በየመሃሉ መቆራረጥ ጀመረ። ሞግዚቷ ፈርታ ደውላ ኖሮ ሚዛን ከሥራዋ አቋርጣ መጣች። ታናሽየዋ የአልጋ መንኮራኩር ሲንጫጫ ሰማች። ልቅሶው ተጠጋ፣ ጆሮዋ ሥር ገባ። እህቷ የልጁን አልጋ ገፍታ ግድግዳው ላይ አስጠግታው ነበር።

ከዚያ ሚዛን ሸሚዙን ይዛ ገባች። ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«በረኪና» አለች።

ታናሽየዋ ሳፋውን በእግሯ ወደ አልጋዋ ሥር ገፋችው።

«ዱቄት ባለፈው ሁለቱን ልጆቿን የበላቻቸው ለምን ይመስልሻል? አንቺ ሳጥኑን በሳሙና ፈትገሽ ሽታቸውን ስላጠፋሽባት ነው። እኔ ያኔ እናት ሆና እንዴት ትበላለች ብዬ ገርሞኝ ነበር። ዛሬ አልገረመኝም።»

«እኔ ልበላው አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው፣ ሚጡ? ጉሮሮውን ስሚው።»

«ስጪኝና አንዴ ላጥባው። አንዴ ብቻ፣ እትዬ።»

«እስከ ትናንት እንድታጠቢው የተውኩሽ ለአንጀቱ ብዬ ነው። ዛሬ ብታጠቢው የነገው ልቅሶ እጥፍ ይሆናል። ለእሱ ነው የማስበው።»

«ልጄ ነው።»

«በሩ ክፍት ነው» አለች ሚዛን፣ ተነስታም መንገዱን ለቀቀችላት። «ሂጂ አንሺው። ማን ቤት ይዘሽው ትገቢያለሽ? የማን ነው ሲሉሽስ? ወረቀቱ ላይ የወለድኩት እኔ ነኝ። እስኪ ንገሪኝ፣ እንዲያውም ጃንጥላ እሰጥሻለሁ፣ ውጭ እየዘነበ ነው።»

ታናሽየዋ የምታውቃቸውን በሮች ሁሉ በሐሳቧ አንኳኳች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አግብታ ከአማቷ ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። የሹፌሩ ስልክ ከጠፋ ቆይቷል። ሌላ በር ስትፈልግ ሌላ በር አልነበረም። እህቷም ይህን ስታስብ አየቻት፤ ጨርሳ እስክታስብም በትዕግሥት ጠበቀቻት።

«እኔ መድኃኒት ቤት ስውል የሚያመው ሁሉ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው» አለች ሚዛን ተመልሳ እየተቀመጠች። «ለምጄዋለሁ። እስከ ነገም እቀመጣለሁ። አንቺስ?»

እሱም ተደውሎለት የመጣው ባሏ ከኮሪደሩ «ኧረ እባካችሁ፣ ሕፃኑ እኮ ነው» አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ልጁ በድንገት ዝም አለ። ትንፋሹን ለመያዝ ነበር፤ ቢሆንም ዝምታው ረዘመ። ታናሽየዋ ሳታስበው ብድግ አለች። ከዚያ ልቅሶው ተመለሰ፣ እንደ ድመት ግልገል ቀጥኖ። ያን ጊዜ ወተቷ ያለ ፈቃዷ ወረደ፤ የለበሰችው ግራጫ ሹራብ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ጠቆረ፣ እየሰፋም ሄደ።

ሚዛን አየችው። እጇን ዘረጋች።

«አሁን ያለው ይሻላል» አለች። «ትኩስ ነው።»

ታናሽየዋ የሹራቡን ቁልፎች ፈትታ አወለቀችው። ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠችና እርጥቡን ሹራብ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሚዛን ልትወስደው ስትል «ቆይ» አለቻት። በዚያ ቤት ለእህቷ «ቆይ» ብላ አታውቅም።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«ቁልፍ አለው። ይውጠዋል።»

ከመሳቢያው መቀስ አወጣች። የመጀመሪያውን ስትቆርጥ ክሩን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም ጨረፍ አደረገችው። ለሁለተኛው ተጠነቀቀች። ከግድግዳው ወዲያ ልጁ ያለቅሳል፣ ከአጠገቧ እህቷ ሰዓቷን ታያለች። እሷ ቁልፉን በሁለት ጣቷ ሳብ፣ ክሩን ቀጭ፣ ከዚያ የቀረ ነገር እንዳይወጋው ቦታውን በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርጋለች። የአንገቱን ቁልፍ ቆርጣ ስትጨርስ ሹራቡን ገልብጣ በብርሃን አየችው። ምንም አልቀረም። እርጥቡ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ አጣጠፈችው።

«በዚህ በኩል አድርጊለት» አለች። «ወደ ቀኝ ነው የሚተኛው።»

«አውቃለሁ» አለች ሚዛን፤ ወስዳውም ወጣች።

ልቅሶው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ሳግ ወረደ፣ ሳጉም ተራራቀ። መንኮራኩሩ እንደገና ተንጫጫ፤ አልጋው ከግድግዳው እየራቀ ወደ ቦታው ተመለሰ። የመኝታ ቤቱ በር በቀስታ ተዘጋ።

ታናሽየዋ ብርድ ልብሷ ላይ የተበተኑትን ቁልፎች ለቀመች። የተንጠለጠለባቸውን ክር አንድ በአንድ አወጣችላቸው። ባዶ የክኒን ብልቃጥ ፈልጋ ከተተቻቸው፤ ክዳኑንም ጥብቅ አድርጋ ዘግታ መሳቢያው ውስጥ፣ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠችው።