የደከመ አማላይ

ኢሶኪቺ ዓሣውን ከመንካቱ በፊት እጁን ወንዙ ውስጥ ነክሮ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። የሰው እጅ ሙቀት አዩ የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ቆዳ ያቃጥለዋል፤ ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ለዓሣ ሱቁ ደንበኛ ሁሉ ሲናገር ኖሯል። እጁ ሲደነዝዝ የማቆያ ሣጥኑን ክዳን ገለጥ አድርጎ፣ ውስጡ የቀረውን አንድ ዓሣ በመዳፉ አቅፎ አነሣው።

ሣጥኑ የልጁ የሚኔዎ ነው። የሚኔዎ ሚስት ታትሱዬ እኩለ ቀን ላይ ምሳውን ይዛ ስትመጣ፣ ትንሿ የጭነት መኪናው ከዛፉ ሥር ቆማለች፤ ሣጥኑም ዳር ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ውኃ ውስጥ ተቀምጧል። ባሏ ግን የለም። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተራራው ላይ ከትናንት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤ ከላይ ያለው ግድብ ሰዎችም ዐሥር ሰዓት ሲሞላ በሩን እንከፍታለን ብለዋል። በሩ ከተከፈተ የኩሮሴ ወንዝ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይወርዳል። ካቻምና የወሰደውን እንጨት ቆራጭ እስከ ዛሬ አልመለሰውም። ቤተሰቦቹ በተቃጠለ ሬሳ አመድ ፋንታ የወንዝ ጠጠር ማሰሮ ውስጥ ከተው ቀበሩ።

ባርኔጣው ብቻውን ከተገኘ በኋላ ሚኔዎ በሕይወት አለ ብሎ የሚያስብ ማንም አልነበረም። የቀረው አስከሬኑን ከዐሥር ሰዓት በፊት ማግኘት ነው።

"ተነሥ እንጂ!" አለ ከኋላው ቶኩሄይ። ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ ነው፣ አብሮ አደጉ። ከበጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጋር ሲፈልግ ቆይቶ ሱሪው እስከ ጭኑ ርሷል። "ሰው ልጁን ይፈልጋል፣ አንተ ዓሣ ታገላብጣለህ። ገበያ መሰለህ?"

"ዝም በል፤ እያነበብኩ ነው።"

"ያለ መነጽርህ?"

ኢሶኪቺ ዓሣውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ዓሣው አፍንጫው ላይ ቀለበት የገባበት ምልክት አለ። ጎኑ ላይ ያለው ቢጫ ነጥብ ደብዝዟል፤ ሆዱ በድንጋይ ተፍቆ ነጥቷል። ውኃው ላይ ሲለቀው መቆም አቅቶት በጎኑ ተጋደመ።

አዩ ትል አይበላም። ድንጋይ የሚለብሰውን አረንጓዴ አልጌ እየላሰ ይኖራል፤ ድንጋዩንም እንደ ርስት ይጠብቃል። ስለዚህ አጥማጁ በሕይወት ያለ አዩ አፍንጫ ላይ ቀለበት አስገብቶ፣ ከጅራቱ ኋላ መንጠቆ አስከትሎ፣ የሌላው ርስት ላይ ይለቀዋል። ባለርስቱ እንግዳውን ሊያባርር ሲመጣ ይጠመዳል። የተጠመደውም በተራው ቀለበቱን ለብሶ አማላይ ይሆናል። ጠንካራ አማላይ አረፋ እየደፈቀ የሚወርደውን ነጩን ውኃ ሰንጥቆ ይገባል። የደከመውን ግን ክሩ ላይ የሚያሰምጥ ከባድ የእርሳስ ቁራጭ ጨምረው ጥልቅ ቦታ ከማስጠም ሌላ የሚያደርጉት የለም።

ጠዋት ለሚኔዎ ሁለት አማላይ ሰጥቶታል። ሣጥኑ ውስጥ አዲስ የተያዘ አንድም የለም። አንደኛው አማላይ ደክሞ ተመልሷል፤ ሁለተኛውና የመጨረሻው ወጥቷል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው የእርሳሶቹ መያዣ ጣሳ ክፍት ናት፣ የትልቁ እርሳስም ቦታ ባዶ ነው።

ኢሶኪቺ ወንዙን ወደ ላይ ተመለከተ። ወዲያው ሊነሣ አልፈለገም።

"ድስቱ ውስጥ ነው" አለ በመጨረሻ።

ድስቱ የሚሉት ከቀዩ ገደል ሥር ያለውን አዘቅት ነው። ፈላጊዎቹ ሁሉ ያሉት ግን በተቃራኒው፣ ከታችኛው ድልድይ በታች ነው። የሚኔዎ ባርኔጣ የተገኘው እዚያ ነውና።

የፈላጊዎቹ አለቃ ኩዋባራ ድልድዩ ሥር ሬዲዮ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ታትሱዬ ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ የምሳው ጥቅል እስካሁን ጭኗ ላይ ነው።

"ጠላቂዎቹን ወደ ድስቱ ላካቸው" አለው ኢሶኪቺ።

"አባቴ፣ ባርኔጣው እኮ እዚህ ነው የተገኘው" አለ አለቃው ሽማግሌውን አክብሮ።

"ባርኔጣ ይንሳፈፋል።"

"ያለኝ ሁለት ጠላቂ ነው። ስምንት መቶ ሜትር ወደ ላይ ወስጃቸው ከተሳሳትን መመለሻ ጊዜ የለንም።" ኩዋባራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ሚኔዎ ድስቱን አይወድም። የሽማግሌ ቦታ ነው፣ ተቀምጠው የሚያንቀላፉበት እያለ ሲቀልድ ሰምቼዋለሁ። የሚወደው ነጩን ውኃ ነው።"

"አማላይ ሲኖረው ነዋ። ዛሬ ነጭ ውኃ የሚገባ አማላይ አልነበረውም።"

"ከእርስዎ ሱቅ አይደል የወሰደው? በዚህ ወንዝ እንደ እርስዎ ዓሣ የሚመሰገን አለ እንዴ?"

ኢሶኪቺ ወደ ታትሱዬ አየ። እሷም ቀና ብላ እያየችው ነበር። ዓሣ ነው፣ ይደክማል ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ግን በዚያ መልስ ሠላሳ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ሰዓቱም አይቆምም።

"ደካሞቹን ነው የሰጠሁት" አለ። "አራት ቀን ገንዳ ውስጥ የከረሙትን። ጠንካሮቹን ከቶኪዮ ለመጡት እንግዶች አስቀመጥኩ። ለቤት ሰው የተረፈ ነው የሚሰጠው፤ አባቴም ለኔ እንደዚያ ነበር።"

"እሺ፣ ከደከሙበት ለምን ተመልሶ ሌላ አልወሰደም? ሱቅዎ በመኪና አምስት ደቂቃ አይሞላም።"

"ባዶ እጅህን መጥተህ እንዳትለምነኝ አልኩት።" ኢሶኪቺ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዶቹ ፊት። አማላይ የሚለምን አጥማጅ፣ ሩዝ የሚለምን ገበሬ ነው አልኩ። እንግዶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።"

ቶኩሄይ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

"ስለዚህ እርሳሱ ድንጋይ መሐል ሲያዝበት ክሩን አይበጥሰውም" አለ ሽማግሌው። "የቀረችው አማላይ ያቺ ብቻ ናት። ከበጠሳት ወደኔ መመለሱ ነው። ሊያስለቅቃት ውኃው ውስጥ ይገባል። ገብቷል።"

ታትሱዬ ተነሣች። "ጊዜ የለም" አለች ለአለቃው። "ወደ ድስቱ ይውሰዷቸው።" ለዘጠኝ ዓመት ኢሶኪቺን አባባ ስትለው ኖራለች። አሁን አጠገቡ ስታልፍ ምንም አላለችውም።

ድስቱ ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ውኃው ከጠዋቱ ይልቅ ደፍርሷል። መጀመሪያ ያየው ቶኩሄይ ነው፤ ረጅሙ የማጥመጃ ዘንግ ከገደሉ ሥር ሁለት ቋጥኝ መሐል ተሰንቅሮ፣ ጫፉ ወደ ውኃው ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። ክሩ አልተበጠሰም። ጠላቂዎቹ ገመድ ታጥቀው ክሩን ተከትለው ወረዱ። አንዱ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው እጁን አነሣ።

ሚኔዎ አራት ሜትር ታች ነበር፤ ቀኝ እግሩ ከቋጥኝ ሥር ገብቶ ተይዞ። ዓሣዋን አስለቅቋት ነበር። ቀለበቱ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ፣ ሞታ፣ ከመዳፉ ውስጥ አወጧት።

ለዐሥር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ጠጠሩ ላይ አስተኙት። ከዚያ ስድስት ሆነው ተሸክመው ወደ መንገዱ አወጡት። የግድቡ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ከሸለቆው ላይ ሲያስተጋባ መኪናው የኋላ በሩን ከፍቶ እየጠበቀ ነበር።

"እንጫነው" አለ ኩዋባራ።

"ቆይ" አለ ኢሶኪቺ። "ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው፤ በጫማ ቤት አይገባም።"

ማንም አልከለከለውም። ከልጁ እግር ሥር ተንበረከከ። የወንዝ ጫማው ማሰሪያ ውኃ ጠጥቶ እንደ እንጨት ጠጥሯል። ጥፍሩ አልይዝ ሲለው ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ያዘው፤ አሸዋ አሸዋ ይላል። የግራው ተፈታ። ቶኩሄይ ሊያግዘው እጁን ሰደደ፣ ግን መልሶ ሰበሰበው። የቀኙ ቋጠሮ የጫማው ቆዳ በቋጥኙ ስለተፋቀ ብዙ አስቸገረው። ከታች ወንዙ እየጨመረ፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲመታ ይሰማል። ታትሱዬ መኪናው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

የቀኙም ተፈታ። ኢሶኪቺ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ደፍቶ ውኃውንና አሸዋውን አፈሰሰ፤ ማሰሪያቸውን ወደ ውስጥ ከተተ፤ ጎን ለጎን አድርጎ ከመንገዱ ዳር አስቀመጣቸው።